ከመሠረታዊው ላይብረሪ ውጭ የቀረችው ጳጉሜን፦ የፕሮግራም ቋንቋ አንኳር ፈንክሽኖችን የማቅለል ጥያቄ ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

የፕሮግራም ቋንቋዎች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር አብረዋቸው የሚመጡት የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ይበዛሉ፤ ከጊዜ በኋላም ብዛታቸው ሸክም ሆኖ ሲገኝ የማቅለል ሥራ ይጀመራል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ማቅለል በምን ሊመዘን እንደሚገባ በአንድ ጉዳይ፣ ማለትም በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር፣ አማካይነት ያብራራል። የጃቫና የፓይዘን ላይብረሪዎች የቀን አያያዝ ተነጻጽሮ ቀርቧል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ፣ አንድ ፈንክሽን ከአንኳሩ ሲወጣ ከቀሩት ፈንክሽኖች ያለ ጉድለት እንደገና ሊሠራ የሚችል ከሆነ ማቅለል፣ ካልሆነ ግን ማጉደል ነው የሚል ነው። በዚህ መለኪያ የኢትዮጵያ የቀን መቁጠሪያ በአንድ መስመር ቀመር ሊሠራ እንደሚችል፣ «ወር» የሚለው አሃድ ግን በቀመር ብቻ የማይፈታ የማኅበረሰብ ውሳኔ እንደሆነ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ መሠረታዊ ላይብረሪ፣ ማቅለል፣ የዘመን አቆጣጠር፣ ጳጉሜን፣ ጃቫ፣ ፓይዘን

1. መግቢያ

አንድ የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው የሰዋስው ሕጉ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቋንቋው ጋር ተያይዞ የሚቀርበው የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ፣ ማለትም መሠረታዊ ላይብረሪው ነው። የሰዋስው ሕግ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል፤ የላይብረሪው ትምህርት ግን ዓመታትን ይወስዳል። ለምሳሌ ፓይዘን ለጽሑፍ ዓይነት ብቻ ከ3.9 ዕትም ጀምሮ 47 ይፋ ፈንክሽኖችን ይዟል። ከእነዚህ ውስጥ 9ኙ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚመለከቱ ናቸው። የግእዝ ፊደል ይህ ልዩነት ስለሌለው፣ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ሰው ዘጠኙን ሊጠራቸው ቢችልም ምንም አያተርፍባቸውም።

ይህ የቋንቋው ነዳፊዎች ስሕተት አይደለም። የሚያስረዳው ነገር ቢኖር «መሠረታዊ» የሚለው ቃል ከተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን የአንድ ወገንን ፍላጎት የሚያንጸባርቅ ውሳኔ መሆኑን ነው። ለአንዱ መሠረታዊ የሆነው ለሌላው ትርፍ፣ ለአንዱ ትርፍ የመሰለው ለሌላው የዕለት ሥራ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ በገሐድ የሚታየው በቀን አመዘጋገብ ላይ ነው። በሰሜን ወሎ ዞን የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በመርሳ አንድ መዝጋቢ የካቲት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.ን በልማዱ 30/6/2016 ብሎ ወደ ኮምፒውተር አስገባ እንበል። ፕሮግራሙ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቀኑን እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2016 አድርጎ ይቀበለዋል። ትክክለኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2024 ነው። በመካከላቸው የ7 ዓመት ከ8 ወር ልዩነት ሲኖር ፕሮግራሙ አንዳች ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መዝጋቢው 30/2/2016 ወይም 3/13/2015 ቢያስገባ ኖሮ ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው፣ 13ኛ ወርም ስለማይታወቅ፣ ፕሮግራሙ አይቀበለውም ነበር። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሰጋው በጸጥታ የተቀበለው ነው። ውድቅ የተደረገ ቀን ወዲያው ይታረማል፤ ተቀባይነት ያገኘ የተሳሳተ ቀን ግን ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉት ክፍሎች ሦስት ጥያቄዎችን ይመረምራሉ። ላይብረሪዎች የሚቀልሉት እንዴት ነው? የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር በዚህ ሂደት ውስጥ ምን ዕጣ ገጠመው? ከዚህስ የሀገር ውስጥ ተመራማሪ ምን ይማራል?

2. የማቅለል ሦስት መንገዶች

በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ታሪክ ውስጥ የታዩት የማቅለል ሥራዎች በሦስት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ማስወገድ ነው። በሲ ቋንቋ ከተጠቃሚ የሚገባን መስመር የሚያነበው «ጌትስ» የተባለው ፈንክሽን የሚቀበለውን ጽሑፍ ርዝመት የሚገድብበት መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 የሞሪስ ትል የተባለው ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ሲሠራጭ ከተጠቀመባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ፈንክሽን ነበር። ፈንክሽኑ ከሲ ደረጃ የተሰረዘው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ዕትም ነው። በፓይዘን በኩል «የሞቱ ባትሪዎችን ማስወገድ» በሚል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበው የማሻሻያ ሐሳብ ቁጥር 594 ተግባራዊ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በወጣው በ3.13 ዕትም 19 ሞጁሎች ከመሠረታዊው ላይብረሪ ወጥተዋል። አብዛኞቹ ጊዜ ያለፈባቸውን የድምፅ ፋይል ዓይነቶችና የቆዩ የኔትወርክ አሠራሮችን የሚያገለግሉ ነበሩ።

ሁለተኛው መለየት ነው። ፈንክሽኑ አይጠፋም፤ ከፊት ለፊቱ መደርደሪያ ወደ ጓዳ ይዛወራል። የፓይዘን መሥራች ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2005 «ሪዲዩስ» የተባለውን ፈንክሽን ከሌሎች ጥቂት ፈንክሽኖች ጋር ከቋንቋው ለማውጣት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ፓይዘን 3.0 ሲወጣ «ሪዲዩስ» ሳይሰረዝ «ፈንክቱልስ» ወደተባለው ሞጁል ተዛወረ፤ «ማፕ»ና «ፊልተር» ግን በነበሩበት ቆዩ።

ሦስተኛው ማዋሐድ ነው። ሁለት ነገሮች አንድ ሥራ ሲሠሩ አንዱ ይበቃል። ፓይዘን 3.0 ሁለቱን የሙሉ ቁጥር ዓይነቶች ወደ አንድ አምጥቷል። ሉዋ የተባለው ቋንቋም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው በ5.3 ዕትሙ፣ ለርቢ የሚሆን የራሱ ምልክት ስላለው፣ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራውን «ፓው» ፈንክሽን መጠቀም እንዲቀር አድርጓል።

ሦስቱም መንገዶች በአንድ መለኪያ ሊፈተሹ ይችላሉ፦ የተነሣው ፈንክሽን ከቀሩት ያለ ጉድለት እንደገና ሊሠራ ይችላል ወይ? «ፓው» በርቢ ምልክት ይተካል። የ«ጌትስ»ን ሥራ ርዝመትን የሚጠይቀው «ኤፍጌትስ» ይሸፍናል። መልሱ አዎንታዊ በሆነባቸው ጉዳዮች ላይብረሪው ቀሏል ማለት ይቻላል። መልሱ አሉታዊ ከሆነ ግን ሥራው አልቀለለም፤ ከነዳፊው ጫንቃ ወርዶ በተጠቃሚው ላይ ተጭኗል። በመሆኑም ቅለት የሚለካው በፈንክሽኖች ቁጥር ሳይሆን፣ ለተነሣው ነገር በተተወው መመለሻ በር ነው።

3. የጃቫ ልምድ፦ አራት ገብተው አንዱ ውጭ የቀረበት

የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር በመሠረታዊ ላይብረሪ ነደፋ ውስጥ ያለፈበት መንገድ በጃቫ ታሪክ በግልጽ ይነበባል።

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ቀንን የሚይዘው «ዴት» የተባለ አንድ ዓይነት ነበር። ዓመትን ከ1900 ጀምሮ፣ ወርን ደግሞ ከዜሮ ጀምሮ ይቆጥር ስለነበር ለስሕተት የተመቸ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በወጣው በ1.1 ዕትም አብዛኞቹ የቀን ፈንክሽኖቹ እንዳይሠራባቸው ተመክሮ፣ «ካሌንደር» የተባለ አዲስ ዓይነት ተጨመረ። በዚህ ዓይነት ውስጥ ከ12ቱ ወራት ስሞች ቀጥሎ «ኡንዴሲምበር» የሚባል 13ኛ ወር ተመዝግቧል። ማብራሪያው ይህ ቦታ የተተወው ለጨረቃ አቆጣጠሮች መሆኑን ይገልጻል። 12 ባለ 30 ቀን ወራትና አንድ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ቀን ወር ያለው፣ በፀሐይ ላይ የተመሠረተው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ግን የራሱ ዓይነት አልተሰጠውም።

ክፍተቱን የሞላው ከአንኳሩ ውጭ የተሠራ ላይብረሪ ነበር። በስቲቨን ኮልበርን መሪነት የተሠራው ጆዳ ታይም ከጎርጎርዮሳዊው በተጨማሪ የኢትዮጵያንና የቅብጥን አቆጣጠሮች አካትቷል። ጆዳ ታይም በጃቫ ተጠቃሚዎች ዘንድ እጅግ በመስፋፋቱ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ጃቫ 8 ሲወጣ ልምዱ ተወስዶ «ጃቫ ታይም» የተባለው አዲስ የቀን ላይብረሪ የቋንቋው አንኳር አካል ሆነ።

በዚህ ሽግግር ወቅት ምርጫ ተደረገ። ከዓለም አቀፉ የቀን ደረጃ ሌላ ወደ አንኳሩ የገቡት አራት አቆጣጠሮች ናቸው፤ እነርሱም የጃፓን፣ የታይ ቡድሂስት፣ የታይዋን ሚንጉዎና የእስልምናው ሒጅራ ናቸው። የኢትዮጵያና የቅብጥ አቆጣጠሮች «ስሪተን ኤክስትራ» ወደተባለው ተጨማሪ ላይብረሪ ሄዱ። በዚያም ሁለቱ አንድ የጋራ መሠረት ተሰጥቷቸው «የናይል» አቆጣጠሮች በሚል ስም ተጣምረዋል። የወራታቸው አደረጃጀት አንድ ሲሆን ልዩነታቸው የዘመን መነሻቸው ብቻ ነው፤ የቅብጡ ዘመነ ሰማዕታት ከኢትዮጵያው ዓመተ ምሕረት በ276 ዓመት ያንሳል።

ይህን ውሳኔ እንደ መገፋት ብቻ መቁጠር ጉዳዩን ያሳንሰዋል። የጃቫ 8 ነዳፊዎች አቆጣጠሩን ከአንኳሩ ቢያወጡትም በሩን አልዘጉበትም። «ክሮኖሎጂ» የተባለ ኢንተርፌስ አስቀምጠዋል፤ ይህም አንድ የዘመን አቆጣጠር ሊያሟላቸው የሚገቡ ግዴታዎችን የሚዘረዝር ውል ነው። ውሉን የሚያሟላ ማንኛውም አቆጣጠር ከውጭ መጥቶ ከአንኳሮቹ ጋር እኩል ሊሠራ ይችላል። ከዚህም በላይ የላይብረሪው ማብራሪያ የውስጥ ስሌትና የመረጃ ክምችት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር እንዲሆን፣ የየሀገሩ አቆጣጠር ደግሞ መረጃ በሚገባበትና በሚወጣበት ደጃፍ ላይ እንዲያገለግል ይመክራል።

4. ሁሉን የሚያገናኝ አንድ ቁጥር

ፓይዘን በሌላ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በ2.3 ዕትም የገባው «ዴትታይም» የሚያውቀው ጎርጎርዮሳዊውን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ እንደ ጃቫ ያለ የአቆጣጠሮች ውልም የለውም። በአንደኛ እይታ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በሩ የተዘጋበት ይመስላል። ይሁን እንጂ ከፈንክሽኖቹ መካከል ብዙ ጊዜ ልብ የማይባል አንድ ትንሽ ፈንክሽን አለ፤ ስሙ «ቱኦርዲናል» ይባላል። የሚሠራውም አንድ ቀን፣ ከጎርጎርዮሳዊው ዓመት 1 የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲቆጠር፣ ስንተኛ ቀን እንደሆነ መመለስ ነው።

የኢትዮጵያን ቀን ወደዚህ ቁጥር ለመለወጥ የሚያስፈልገው ቀመር የሚከተለው ነው። ዓመቱ «ዓ»፣ የወሩ ተራ ቁጥር «ወ»፣ ዕለቱ «ዕ»፣ የሚፈለገው ተራ ቁጥር «ቁ» ቢባል፦

ቁ = 2795 + 365 × (ዓ − 1) + (ዓ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው የተጣለበት ድርሻ) + 30 × (ወ − 1) + ዕ

2795 የዘመን መነሻውን ልዩነት ይይዛል። ሁለተኛው አባል ያለፉትን ዓመታት ቀናት፣ ሦስተኛው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ የምትጨመረውን የጳጉሜን 6ኛ ቀን፣ አራተኛው ያለፉትን ወራት ቀናት ይቆጥራሉ። ሁሉም ወራት ባለ 30 ቀን በመሆናቸው፣ ጳጉሜንም በዓመቱ መጨረሻ ላይ ስለምትውል፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የግድ የሆነው የወራት ርዝመት ሰንጠረዥ እዚህ አያስፈልግም።

ቀመሩን ለመፈተሽ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ይወሰድ። 2795 ሲደመር 735475 (365 በ2015 ሲባዛ)፣ ሲደመር 504፣ ሲደመር 0፣ ሲደመር 1 በድምሩ 738775 ይሆናል። ፓይዘን ለእ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 የሚሰጠው ተራ ቁጥርም 738775 ነው። ዓመቱ በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 የገባው ያለፈው 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበርና ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት ነው። ከተራ ቁጥሩ ወደ ዓመቱ ለመመለስ ደግሞ ከቁጥሩ ላይ 2796 ተቀንሶ፣ በ4 ተባዝቶ፣ 1463 ተደምሮ፣ ለ1461 ይካፈላል፤ ቀሪው ሲጣል ዓመቱ ይገኛል። በጃቫም ይኸው ቀመር ይሠራል፤ የጃቫ «ቱኢፖክዴይ» ቆጠራውን የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በመሆኑ ከውጤቱ ላይ 719163 መቀነስ ብቻ ይበቃል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለላይብረሪ ነደፋ ወሳኝ ነው። ፓይዘን የኢትዮጵያን አቆጣጠር አላካተተም፤ ነገር ግን የቀን ተራ ቁጥርን በማስቀረቱ አቆጣጠሩ በአንድ መስመር እንዲሠራ በር ትቷል። አንድ የማቅለል ዘመቻ «ማንም አይጠቀምበትም» በሚል ይህን ትንሽ ፈንክሽን ቢያነሣው ኖሮ፣ ከመቁጠሪያው ፈንክሽኖች አንድ ብቻ ቢቀንስም፣ ከጎርጎርዮሳዊው ውጭ ያሉት አቆጣጠሮች ሁሉ የየራሳቸውን ስሌት ከመሠረቱ ለመጀመር ይገደዱ ነበር። በአንኳሩ ውስጥ መቆየት የሚገባቸው ፈንክሽኖች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ብቻ ሳይሆኑ ሌሎች ብዙ ነገሮች የሚሠሩባቸው ጭምር ናቸው።

5. «ወር» ሲባል

ቀንን መቁጠር በቀመር ከተፈታ፣ ቀሪው ችግር ቀንን ከቀን ጋር መደመር ነው። በዚህ ረገድ ቀናትና ሳምንታት አያስቸግሩም፤ ወራት ግን ያስቸግራሉ።

ለማስረዳት የሚሆን የታሰበ ምሳሌ ይወሰድ። በመርሳ ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም. አንድ ሕፃን ተወለደ። በኢትዮጵያ የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብር መሠረት በተወለደ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንቱ፣ የመጀመሪያውን የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9 ወሩ መከተብ ይኖርበታል። የ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ 42 ቀን መደመር ነው። የጳጉሜን 3 ተራ ቁጥር 738771 ነው፤ 42 ሲደመር 738813 ይሆናል፤ ይህም ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ የሚቆጥር ፕሮግራም ጥቅምት 10 ይል ነበር። የአንድ ቀን ስሕተት ነው፤ ዘመነ ሉቃስን በማስታወስ ይታረማል።

የ9 ወሩ ቀጠሮ ግን ሦስት ትክክለኛ የሚመስሉ መልሶች አሉት። ዓመቱን 13 ወር አድርጎ የሚቆጥር ላይብረሪ፣ ስሪተን ኤክስትራም እንዲህ ያደርጋል፣ ከ13ኛው ወር 9 ወር ወደፊት ተራምዶ ግንቦት 3 ላይ ይደርሳል፤ ይህ ከተወለደበት ቀን 246ኛው ቀን ነው። እያንዳንዱን ወር 30 ቀን አድርጎ የሚደምር ፕሮግራም 270 ቀን ጨምሮ ግንቦት 27 ይላል። ቀኑን ወደ ጎርጎርዮሳዊ ለውጦ 9 ወር የሚጨምር ፕሮግራም ደግሞ ከሴፕቴምበር 8 እስከ ጁን 8 ሄዶ ሰኔ 1 ላይ ያርፋል፤ ይህም 274ኛው ቀን ነው። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል 28 ቀን አለ።

ይህ በጳጉሜን ለተወለዱ ብቻ የሚያጋጥም ልዩ ሁኔታ አይደለም። በ13 ወር ስሌት ከጥር ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የ9 ወሩ ጉዞ ጳጉሜንን ስለሚያቋርጥ፣ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ቀኗ ጳጉሜን እንደ አንድ ሙሉ ወር ትቆጠራለች። ቀጠሮውም ከ270 ቀን በ24 ወይም በ25 ቀን ይቀድማል። የኩፍኝ ክትባት ዕድሜ የተወሰነው ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ የክትባቱን ሥራ እንዳያዳክመው ታስቦ በመሆኑ፣ ከጊዜው የቀደመ ክትባት ውጤቱ ሊቀንስ ይችላል። የላይብረሪ ነዳፊ «አንድ ወር ጨምር» ለሚለው ፈንክሽን የሰጠው ትርጉም በአንድ ሕፃን የክትባት ካርድ ላይ ቀን ሆኖ ይጻፋል ማለት ነው።

ላይብረሪው በራሱ ሕግ አልተሳሳተም። ጳጉሜን በእርግጥ ወር ናት፤ ስም አላት፤ በመቁጠሪያው ላይ 13ኛ ናት። በኑሮ ልማድ ግን ወር አትመስልም። የወር ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል እንጂ ለጳጉሜን ለብቻዋ ደመወዝ አይቆረጥም። በሌላ በኩል የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲቆጠር ጳጉሜን በመካከሉ ትውላለች፤ ከሩብ ዓመቶቹም የመጀመሪያው እርሷን ጨምሮ ይረዝማል። ስለዚህ «ወር» የሚለው ቃል በአቆጣጠር፣ በደመወዝና በጤና መርሐ ግብር የተለያየ ትርጉም አለው። ይህን ልዩነት የትኛውም ቀመር አይፈታውም፤ የሚፈታው የሙያው ባለቤት ውሳኔ ነው።

በክፍል 2 የቀረበው መለኪያ እዚህ ላይ ተጨማሪ ድንበር ያገኛል። አንድ ትርጉም ያለው ነገር ከአንኳሩ ውስጥ ሊኖር ወይም በር ተትቶለት ሊወጣ ይችላል። ብዙ ትርጉም ያለው ነገር ግን በአንድ ስም አንኳሩ ውስጥ ሲገባ ቅለቱ የይስሙላ ይሆናል። ስሙ አጭር ነው፤ ጥሪው ቀላል ነው፤ ውሳኔው ግን ተጠቃሚው ሳያውቀው ተወስኖለታል። ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚዘጋጅ ሞጁል «ወር ጨምር» የሚል አንድ ፈንክሽን ከሚይዝ ይልቅ፣ «በመቁጠሪያ ወር ጨምር»፣ «በ30 ቀን ወር ጨምር» እና «ጳጉሜንን ሳትቆጥር ወር ጨምር» የሚሉ ሦስት ግልጽ ስሞችን ቢይዝ፣ በቁጥር ቢበዛም በአጠቃቀም ይቀላል።

6. ቀን በጽሑፍ ሲመጣ

ቀን ወደ ፕሮግራም የሚገባው በአብዛኛው በጽሑፍ መልክ ነው፤ በዚህም ደጃፍ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። ፓይዘን አንድ ጽሑፍ ቁጥር መሆኑን የሚጠይቁ ሦስት ፈንክሽኖች አሉት፤ «ኢዝዴሲማል»፣ «ኢዝዲጂት» እና «ኢዝኒውሜሪክ»። ለ3 ሦስቱም አዎን ይላሉ። ለ፫ የመጀመሪያው አይደለም ሲል ሁለቱ አዎን ይላሉ። ለ፴ ደግሞ ሁለቱ አይደለም ሲሉ የመጨረሻው ብቻ አዎን ይላል። ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው «ኢንት» የዐረብኛና የሕንድ ፊደላትን አሃዞች ሲቀበል ፫ን አይቀበልም።

ይህ ግራ የሚያጋባ ቢመስልም መነሻው ትክክል ነው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ የአሃዝ ቦታም ዋጋ አይለውጥም። 2016 በግእዝ ፳፻፲፮ ሲጻፍ የሃያና የመቶ ብዜት፣ የዐሥርና የስድስት ድምር ነው። በመሆኑም ዩኒኮድ እነዚህን ምልክቶች ከቦታ አሃዞች ለይቶ መዝግቧቸዋል፤ ፓይዘንም ምደባውን ተከትሏል። ችግሩ ያለው በስያሜው ላይ ነው። ሦስቱ ፈንክሽኖች ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ቢጠይቁም ስሞቻቸው አንድ ጥያቄ የሚጠይቁ ያስመስላሉ። ሦስቱን ወደ አንድ ማዋሐድ ላይብረሪውን በእርግጥ ያሳጥረዋል፤ ሆኖም ፫ንና ፴ን ከ3 የሚለየውን መረጃ ይሰርዘዋል።

የፊደል ጉዳይም እንዲሁ ነው። ኅዳር፣ ህዳር እና ሕዳር፤ ሐምሌ እና ሀምሌ፤ ጳጉሜን እና ጳጉሜ በየመዝገቡ ይገኛሉ። የወረዳው ስም ራሱ ሐብሩ እና ሀብሩ ተብሎ ይጻፋል። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የዩኒኮድ የጽሑፍ ማስተካከያ ደንብም አንድ አያደርጋቸውም፤ ማድረግም አይገባውም። ሐ እና ሀ በትግርኛ የተለያየ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው፤ በግእዝም የቃልን ትርጉም ይለያሉ። ለአማርኛ ማቅለል የሆነው ለትግርኛ ማጉደል ይሆናል። ስለዚህ የሞክሼ ፊደላትን አንድ ማድረግ ከአንኳሩ ውጭ፣ ለአማርኛ ተብሎ በሚሰየም ሞጁል ውስጥ ቢቀመጥ ተገቢ ነው። አንኳሩ ማቅረብ ያለበት ፊደልን በፊደል የሚተካ አጠቃላይ ፈንክሽን ነው፤ ይህም በፓይዘን «ትራንስሌት» በሚል ስም አለ።

7. ከአንኳሩ ውጭ የመቅረት ዋጋ

በር መተው ብቻውን በቂ ነው ማለት አይደለም። አንድ ሞጁል ከመሠረታዊው ላይብረሪ ወጥቶ ወደ ውጭ ክምችት ሲሄድ ሁለት ወጪዎች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው የማግኘት ወጪ ነው። ከቋንቋው ጋር የሚመጣ ፈንክሽን አንድ ጊዜ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ያገለግላል። የውጭ ሞጁል ግን መውረድ፣ መታደስ፣ አብረውት የሚመጡትን ጥገኞች ማስከተል አለበት። አስተማማኝ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አገልግሎቱ በሚቆራረጥበትና የዳታ ዋጋ በተማሪ ኪስ በሚመዘንበት አካባቢ ግን፣ ከአንኳሩ የወጣው ሞጁል አንዳንድ ጊዜ ከነጭራሹ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው የመደጋገም ወጪ ነው። የጋራ ሞጁል በማይታወቅበት ቦታ እያንዳንዱ ተመራማሪ የራሱን የቀን መለወጫና የራሱን የፊደል ማስተካከያ ይጽፋል። አንዱ ሐ፣ ኀ እና ኸን ወደ ሀ ሲያመጣ ሌላው ኸን ይተወዋል፤ አንዱ ጳጉሜንን ወር ሲያደርግ ሌላው ከነሐሴ ጋር ይደምራል። ሁለት ጥናቶች ከአንድ ምንጭ ተነሥተው የተለያየ ቁጥር ሲያወጡ ልዩነቱ የመረጃው ይሁን የመሣሪያው መለየት ያዳግታል። በጥናቱ ውስጥ የማይታየው ትንሽ ፈንክሽን የጥናቱን ውጤት ይወስናል።

መፍትሔው ሁሉንም ወደ አንኳሩ እንዲገባ መጠየቅ አይደለም። በአንኳሩ ውስጥ የገባ ነገር በቀላሉ አይታረምም፤ «ጌትስ» አደጋው ከታወቀ በኋላ ለመሰረዝ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ይልቁንም በአንኳሩና በእያንዳንዱ ተመራማሪ ፕሮግራም መካከል ሦስተኛ እርከን ያስፈልጋል፤ ይህም አነስተኛ፣ ሌላ ጥገኛ የሌለው፣ በአንድ ፋይል ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ የሚችል የጋራ ሞጁል ነው። በክፍል 4 የቀረበው ቀመርና ግልባጩ፣ ሦስቱ የወር ፈንክሽኖች፣ የግእዝ ቁጥር አንባቢና የሞክሼ ፊደላት ሠንጠረዥ ተደምረው ከጥቂት መቶ መስመሮች አያልፉም።

እንዲህ ላለው ሞጁል ከፈንክሽኖቹ ይልቅ ዋጋ የሚኖራቸው መፈተኛዎቹ ናቸው። ቢያንስ የሚከተሉትን ሊያልፍ ይገባል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተቀባይነት ሲያገኝ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ውድቅ መደረግ አለበት። ከጳጉሜን 6 ቀን 2015 ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2016 መምጣት አለበት። 30/6/2016 አቆጣጠሩ ሳይገለጽ ቢገባ ፕሮግራሙ ከመገመት ይልቅ መጠየቅ አለበት። በጳጉሜን 3 ለተወለደ ሕፃን የ9 ወር ቀጠሮ ሲጠየቅ የትኛው ወር እንደሆነ ሳይነገረው መልስ መስጠት የለበትም።

8. መደምደሚያ

የመሠረታዊ ላይብረሪ ማቅለል ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደ ቁጥር መቀነስ ነው። የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ግን ሌላ መመልከቻ ይሰጣል። ጃቫ አቆጣጠሩን ከአንኳሩ ውጭ ቢያደርገውም በውል የሚገባበትን ኢንተርፌስ ትቶለታል። ፓይዘን ውሉንም ባያኖር የቀን ተራ ቁጥርን በማስቀረቱ በአንድ መስመር ቀመር መሥራት አስችሏል። በሁለቱም ዘንድ አቆጣጠሩ የጠፋ ነገር አይደለም። ሊጠፋ የሚችለው ተጠቃሚው በሩን ሳያውቀው ሲቀር፣ ወይም «ወር»ን የመሰለ ብዙ ትርጉም ያለው ቃል በአንድ አጭር ስም ተሸፍኖ ሲቀርብለት ነው።

በጤና መረጃ ላይ የሚሠሩ ወገኖች ይህን በተግባር ሊጠቀሙበት ይችላሉ። በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ሥራ ላይ የዋለው፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተውና በጃቫ የተጻፈው ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር በአማራጭነት ይዟል። ይህም አንድ አቆጣጠር ከአንኳሩ ውጭ ቢቀርም በሥራ ላይ ሊውል እንደሚችል ያሳያል። ይሁንና ከማዕከላዊው ሥርዓት ጎን ለጎን በየዩኒቨርሲቲው የሚሠሩ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችና በየመሥሪያ ቤቱ የሚዘጋጁ አነስተኛ ፕሮግራሞች አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸውን የቀን ፈንክሽን ይጽፋሉ። የድኅረ ምረቃ ክፍሎች አንድ የጋራ ሞጁልና አንድ የመፈተኛ ዝርዝር ቢኖራቸው፣ አማካሪዎችም ተማሪው የወርን ትርጉም በጥናቱ የአሠራር ክፍል ውስጥ በግልጽ እንዲጽፍ ቢጠይቁ፣ የሚቀለው ላይብረሪው ብቻ አይሆንም፤ የአንዱን ጥናት ውጤት ከሌላው ጋር ማነጻጸርም ይቀላል።